ሁለት መቶ ሠላሳ ስድስት ሜትር

የትምህርት ቤት ልብስ ወቅት ካለፈ በኋላ በነበረው ሁለተኛ ሰኞ፣ በእትዬ ሜትር ስፌት ቤት ውስጥ የነበረው ይህ ነው፦ ሠላሳ አንድ ዓመት ያገለገለ የእግር ማሽን፣ ሁለት መቀስ፣ አንድ ካውያ፣ ዘጠኝ ጣቃ ጨርቅ እንዲይዝ ተሠርቶ አምስት ብቻ የያዘ መደርደሪያ፣ የስድስት ዓመት ቁጠባ ያለበት የብስኩት ቆርቆሮ፣ እና ሁለት ጉልበት። ከጉልበቶቹ አንዱ አልቋል።

ሰፈሩ እትዬ ሜትር የሚላት ከአንገቷ የማይወርደውን መለኪያ አይቶ ብቻ አይደለም። ደንበኛ «ልኬን ታውቂው የለም?» ሲላት «የማውቀው ያምናውን ነው» ብላ እንደገና ትለካለች። ሐኪሙም የራጅ ፎቶዋን ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርጎ «ለመሆኑ በቀን ስንት ጊዜ ይረግጡታል?» ያላት እንደ ዋዛ ነበር። እሷ ግን ቤቷ ሄዳ በየመቶው እርግጫ አንድ ቁልፍ ኩባያ ውስጥ እየጣለች ቆጠረች። በሦስተኛው ቀን ተመልሳ ለአንድ ልብስ ሦስት ሺህ አራት መቶ፣ ለአንድ ወቅት ደግሞ መቶ አርባ ልብስ ብላ ነገረችው። ሐኪሙ ሌላ ወቅት በእግር ማሽን ከሰፋች በሚቀጥለው የምትመጣው በምርኩዝ እንደሚሆን ነገራት። ለአሮጌው ማሽን ሞተር እንዲገጥምላት የጠየቀችው ጠጋኝም መንኮራኩሩ ተሰንጥቋል፣ አይችልም ብሏል።

የቀራት መንገድ አንድ ነበር፤ ከሚመጣው ወቅት በፊት የኤሌክትሪክ ማሽን መግዛት። ካልሆነ ቤቱን ዘግታ ሌላ ከተማ ወዳለችው ልጇ መሄድ ነው። ልጅቷ ከወጥ ቤቱ ጀርባ ያለችውን ክፍል አጽድታ አልጋ ዘርግታላታለች። እትዬ ሜትር በስልክ የክፍሉን ስፋት አስለካቻትና «ማሽን ይገባል?» አለቻት።

«ማሽን ምን ያደርግልሻል እማዬ? ነይና እረፊ እንጂ።»

እትዬ ሜትር ከዚያ ወዲህ ስለ ክፍሉ አላነሳችም።

ለማሽኑ ግን አልሠጋችም ነበር። ቆርቆሮው ውስጥ፣ ከገንዘቡ ጋር፣ ማሽን ሻጩ ከስድስት ዓመት በፊት ዋጋውን የጻፈላት ወረቀት አለ። ያን ሰኞ ገንዘቡ ከወረቀቱ ጋር እኩል መጣ። ቆርቆሮውን በሻርፕ ጠቅልላ፣ ሾፌሩ ታናሽ ወንድሟ በታክሲው ወሰዳት። ሻጩ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበው።

«እናቴ፣» አላት፣ «ይሄ ዋጋ እኮ ጡረታ ወጥቷል።»

የዛሬውን ሲነግራት፣ የያዘችው ልክ ግማሹን ይሆናል። ወንድሟ ሲመለሱ ሊያስቃት ሞከረ። «በቃ ግማሹን ግዢና ባለ አንድ እጅጌ ልብስ ስፊ» አላት። አልሳቀችም፣ አላለቀሰችምም። ነገሩ ገና አልገባትም ነበር፤ ያልገባት ነገር ላይ ደግሞ ማልቀስ አትወድም፣ መጀመሪያ ትለካዋለች።

ግድግዳው ላይ ባለው ረጅም ምስማር ላይ የስድስት ዓመት የጨርቅ ደረሰኞች ተሰክተዋል። አወረደቻቸው። በቅድ ወረቀት ጀርባ ላይ በየዓመቱ መጨረሻ ቆርቆሮው ውስጥ የነበረውን ገንዘብ ጻፈች፤ ጎኑ ላይ በዚያው ወር አንድ ሜትር ግራጫ ጨርቅ ስንት ይሸጥ እንደነበር ጻፈች፤ ከዚያ አካፈለች። በመጀመሪያው ዓመት ቆርቆሮዋ ስልሳ ሜትር ይገዛ ነበር። በሦስተኛው መቶ ሠላሳ አንድ፣ በአራተኛው መቶ አርባ። ከዚያ ወዲህ ገንዘቡ ወደ ፊት ሲሄድ ሜትሩ ወደ ኋላ ተመለሰ። አሁን መቶ አሥራ ስምንት ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ በየቅዳሜው ጨምራበት፣ ሃያ ሁለት ሜትር ጎድሏል። ማንም ቆርቆሮውን አልነካም። እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ነው የወሰደባት።

ቀጥሎ የማሽኑን ዋጋ አካፈለች። ከስድስት ዓመት በፊት የሁለት መቶ ሠላሳ አራት ሜትር ጨርቅ ዋጋ ነበር። ዛሬ ሁለት መቶ ሠላሳ ስድስት። እርሳሱን አስቀምጣ እንደገና አካፈለች፤ ያው ሆነ። ማሽኑ ካለበት ብዙም አልተነቃነቀም። ስድስት ዓመት ሙሉ ስትለካ የኖረችው በየዓመቱ በሚያጥር ሜትር ነበር።

ሦስተኛውን ስሌት ባትሠራው ትመርጥ ነበር። በአገሩ ያስከበራት አንድ ልማድ አላት፦ ከወቅቱ ሦስት ወር ቀደም ብላ ደንበኛ ትመዘግባለች፣ በዚያው ቀን ዋጋ ትናገራለች፣ ሰማይ ቢወድቅ አትጨምርም፣ ክፍያውንም በርክክብ ቀን ትቀበላለች። ቃል የእምነት ዕዳ ነው ትላለች። በእነዚያ ወራት ውስጥ ግን ቃሏ እንደቆመ ጨርቁ ይሄዳል። ከስድስት ዓመት በፊት የአንድ ልብስ የእጅ ዋጋዋ አንድ ሜትር ጨርቅ ይገዛ ነበር። ዘንድሮ አርባ ስድስት ሳንቲሜትር ገዛ። ዘጠኝ ጣቃ የነበረው መደርደሪያ አምስት የቀረው ለዚህ ነው። መቶ አርባ ቤተሰብ ሲያመሰግናትና ሲመርቃት ከርሟል፤ ግማሽ ጉልበቷን ግን በነፃ ነው የሰጠችው።

ወንድሟ በማግስቱ ብድር ይዞላት መጣ። የሚያውቀው አበዳሪ አለ፤ ፊርማ ብቻ ነው የሚፈልገው፣ ማሽኑ እስከ መጨረሻው ክፍያ በስሙ ይሆናል። እትዬ ሜትር የወለዱን ልክ ጠየቀችው፣ ነገራት። ያለፈውን ዓመት ደረሰኞች አገላብጣ ጨርቁ በወር ምን ያህል እንደሚጨምር አሳየችው። ወለዱ እጥፍ ይፈጥናል።

«ጨርቁን በደህና እግሬ ሮጬ አልደረስኩበትም፣» አለችው፣ «ወለዱን በአንካሳው ልድረስበት?»

«እንግዲህ እትዬ፣ ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ።»

«ድስቱ ገና አልተጣደም። ጠመኔውን አቀብለኝ።»

ከመደርደሪያው በላይ ግድግዳው ላይ 236 ብላ ጻፈች፣ ከሥሩ 118። ያን ሳምንት ከቆርቆሮው የአሥራ ስምንት ሜትር ዋጋ ለሕመምና ለቤት ኪራይ አስቀርታ በቀረው መቶ ሜትር ንጹሕ የጥጥ ግራጫ ገዛች። ስፌት ቤቱ ውስጥ ከነበሩት አምስት ጣቃዎች ለየችውና የላይኛው መደርደሪያ ላይ ደረደረችው። ምክንያቷ ቀላል ነበር። ግራጫው የትምህርት ቤቱ ጨርቅ ነው፤ ሃያ ዓመት አልተለወጠም፤ ምዝገባ ሲደርስ በዕለቱ ዋጋ ይሸጣል።

ወጪዋንም በሳንቲሜትር መጻፍ ጀመረች። ከጎረቤት ሻይ ቤት በቀን አንዴ የምታስመጣው ሻይ ዘጠኝ ሳንቲሜትር ነው። ስታባዛው በዓመት ሃያ ሰባት ሜትር ሻይ ጠጥታለች። በማግስቱ ፔርሙዝ ይዛ መጣች። ሻይ ቤቱ «እትዬ፣ ተቀየምሽን እንዴ?» ቢላት «ልብስ ስታሰፉኝ ሻይ እገዛለሁ» አለች። እሁድ እሁድ ከልጇ ጋር የምታወራው ስልክ አሥራ አራት ሳንቲሜትር ነበር። ጻፈችው፣ አየችው፣ አልነካችውም። ዚፕ የሚቀየርለት፣ ሱሪ የሚያጥርለት፣ መጋረጃ የሚሰፋለት ሁሉ የሚከፍለው እንደ ዕለቱ የጨርቅ ዋጋ ሆነ፣ ከወጪ የተረፈው ደግሞ ቅዳሜ ከሰዓት ሳያድር ጨርቅ ይሆናል። የሚያምማትን እግር በርጩማ ላይ ሰቅላ በሌላው ትረግጣለች፤ በቀን ከአራት ሰዓት በላይ አትሠራም። በአራተኛው ወር መደርደሪያው መቶ ሠላሳ ዘጠኝ ሜትር ያዘ። በስምንተኛው ወር መቶ ሰማንያ።

በዚያው ወር ትምህርት ቤቱ ደብዳቤ በተነ። ከመጪው ዓመት ጀምሮ የተማሪዎች ልብስ ጥቁር ሰማያዊ ይሆናል።

ደብዳቤውን ያነበበላት ወንድሟ ነው። አንብቦ ሲጨርስ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀልድ ጠፋው። መቶ ሰማንያ ሜትር ግራጫ ጨርቅ ለማን ይሸጣል? ጨርቅ ሻጩ ጋ ደወለ፤ ሰውየው በግማሽ ዋጋ ልውሰደው ቢልም እሱንም እያንገራገረ ነው። እትዬ ሜትር መደርደሪያውን ብዙ አየችው። ያላትን ሁሉ በአንድ ቀለም ቋጥራ አስቀምጣለች፤ ጥፋቱ የእሷ ነው። ከግድግዳው ላይ ቁጥሩን አጥፋው አላለችም። ሻርፗን ለብሳ ወጣች።

ርእሰ መምህሩ ልትለምነው የመጣች መስሎት ገና ከመግባቷ የወላጅ ኮሚቴ ውሳኔ መሆኑን ይነግራት ጀመር። እሷ የፈለገችው ሌላ ነው። ውሳኔው የሚለው ቀለሙን ነው ወይስ ጨርቁን? ቀለሙን። ልኩ የሚታይበት ናሙና አለ? ርእሰ መምህሩ መሳቢያውን ከፍቶ መዳፍ የምታክል ቁራጭ ሰጣት። ተነክሮ የቀለመ ጥጥ ይቀበላል? ከዚህች ቁራጭ ካልተለየ፣ ሲታጠብም ካልለቀቀ ይቀበላል። «ይጻፉልኛ» አለችው፤ ጻፈላት።

ከቅዳጅ ጨርቅ ሃያ በሃያ የሆኑ ዘጠኝ ቁራጮች ቆረጠች። በሦስት ዓይነት የቀለም መጠን፣ በሦስት ዓይነት ሰዓት ቀቀለቻቸው። እያንዳንዱን አምስት ጊዜ አጠበች። ከዚያ ግማሽ ግማሻቸውን በካርቶን ሸፍና ጣራ ላይ ለአራት ቀን ፀሐይ አሰጣች። ስምንቱ ወይ ለቀቁ፣ ወይ ወደ ሐምራዊ አደሉ። ሰባተኛው ቁራጭ ከርእሰ መምህሩ ናሙና ጎን ሲቀመጥ ወንድሟ የቱ የቱ እንደሆነ ሁለት ጊዜ ተሳሳተ። ለካችው። ሃያ የነበረው አሥራ ዘጠኝ ከሁለት ሆኗል። ከመቶው አራት ይሰበሰባል ማለት ነው።

መቶ ሰማንያውን ሜትር ከልብስ አጣቢው በተዋሰችው ትልቅ በርሜል በአሥራ አንድ ቀን ነከረችው። ወንድሟ ታክሲውን እያቆመ በእንጨት ያማስልላታል፤ ክንዱ እስከ ክርኑ ሰማያዊ ሆኖ ተሳፋሪ «ታመሃል?» ይለው ነበር። ቀለሙ የአሥራ ስምንት ሜትር ዋጋ በላ፤ ቆርቆሮው ባዶ ሆነ። ጨርቁ ሲደርቅ መቶ ሰባ ሁለት ሜትር ከሰማንያ ወጣው።

የምዝገባው ሳምንት ከመግባቱ በፊት የመጨረሻውን ስሌት ሠራች። አንድ ልብስ ሁለት ሜትር ተኩል ይፈጃል። ጨርቋ ለስልሳ ዘጠኝ ልብስ ይበቃል፤ ያ መቶ ሰባ ሁለት ሜትር ተኩል ነው። ለማሽኑ ስልሳ ሦስት ሜትር ተኩል ይጎድላታል። እያንዳንዱ ተመዝጋቢ የእጅ ዋጋውን ግማሽ፣ ማለትም የግማሽ ሜትር ዋጋ፣ በቀብድ ቢከፍላት መቶ ሃያ ሰባት ሰው ያስፈልጋታል። አንድ ሰው ቢጎድል አይሆንም። በሩ ላይ ካርቶን ሰቀለች። የጨርቅ ዋጋ ሙሉውን ዛሬ፤ የእጅ ዋጋ አንድ ሜትር ግራጫ፣ ግማሹ ዛሬ፣ ግማሹ በርክክብ ቀን ግራጫው በሚሸጥበት ዋጋ። ከሥሩ፦ ተነክሮ የቀለመ ጨርቅ በግራጫው ዋጋ፣ ናሙናው ውስጥ ይታያል።

ሰኞ ጠዋት የመጀመሪያዋ መንታ ልጆቿን አስከትላ የመጣች የዱሮ ደንበኛዋ ነበረች። ካርቶኑን አንብባ ወገቧን ይዛ ቆመች።

«እትዬ ሜትር፣ አንቺም ነጋዴ ሆንሽብን? አምና ቃልሽ ቃል ነበር።»

«አምና ቃሌ ጸና፣ ጉልበቴ አለቀ። ከስድስት ዓመት በፊት ለአንድ ልብስ የአንድ ሜትር ዋጋ ነበር የምትከፍይኝ። ዛሬም የምጠይቅሽ አንድ ሜትር ነው። በየት በኩል ጨመርኩብሽ?»

«በርክክብ ቀን ስንት ይሆናል ታዲያ?»

«እሱን ያን ቀን ጨርቅ ሻጩን እንጠይቀዋለን። አንቺንም እኔንም እኩል ያስደነግጠናል።»

ሴትየዋ ሳቋ ቢመጣም ዋጠችው፤ መንታዎቿን እየጎተተች ከመንገዱ ማዶ ወደ ቶሎ ቶሎ ሄደች። ቶሎ ቶሎ የሚባለው ልብስ ሰፊ እንደ ድሮው የእትዬ ሜትር ዓይነት ዋጋ ለጥፏል፦ ቁርጥ፣ የማይነቃነቅ፣ ግማሹ ዛሬ።

ሰኞ አርባ አንድ ሰው ተመዘገበ። አብዛኞቹ ናሙናውን አይተው፣ ቀለሙን በምራቃቸው አሽተው፣ በግራጫው ዋጋ ጥቁር ሰማያዊ ማግኘታቸውን ወደዱት። ማክሰኞ ሃያ ሁለት። ረቡዕ ዘጠኝ። ሐሙስ አራት። የተነከረው ጨርቅ አልቋል፣ ቁጥሩ ሰባ ስድስት ላይ ቆሟል። ወንድሟ ቃሏን መልሳ በቁርጥ ዋጋ ብትመዘግብ እንደሚሻል ነገራት፤ ሰው ይመጣል፣ ማሽኑም ይገዛል።

«ይገዛል፣» አለችው፣ «ከዚያ በሚመጣው ዓመት ክር የምገዛበት አጣለሁ። በሚያጥር ሜትር አልለካም ብያለሁ።» ካርቶኑን አልነካችውም።

ዓርብ ጠዋት ከመንገዱ ማዶ ጩኸት ተሰማ። ከተማው ሁሉ ጥቁር ሰማያዊ ሲሻማ ጨርቁ በአራት ቀን ውስጥ ተሰቅሏል። ቶሎ ቶሎ የሰበሰበው ግማሽ ክፍያ የሚያስፈልገውን ጨርቅ አልገዛለትም፤ ወይ ጨምሩ፣ ወይ ገንዘባችሁን ውሰዱ ብሏል። እትዬ ሜትር ደስ አላላትም። ሰውየው እዚያ ቆሞ ሲሰደብ የሚያደርገውን የእጅ እንቅስቃሴ ታውቀዋለች፤ አምና እሷ ብትጨምር ኖሮ የምታደርገው ነበር። ያን ቀን ሃያ አምስት ሰው ተሻገረ። ከእያንዳንዱ የተቀበለችውን የጨርቅ ዋጋ በወንድሟ ታክሲ በየሰዓቱ ጨርቅ ሻጩ ጋ እየላከች ጨርቅ ታደርገዋለች። መቶ አንድ።

ቅዳሜ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቶ ሃያ አምስት ደረሰች። ከዚያ ለአንድ ሰዓት ያህል ማንም አልገባም። እትዬ ሜትር መቀሶቹን ሳለች። በሩ ሲከፈት የገቡት መንታዎቹ ናቸው፤ እናታቸው ከኋላ ቀስ ብላ ገባች።

«ሳቂብኝ» አለች።

«ቁጭ በይ። ስንት ጨመረብሽ?»

«የነገረኝ አንድ፣ የጠየቀኝ ሌላ። ያንቺው ይሻላል፤ ቢያንስ ወዴት እንደሚሄድ ይታወቃል።» ቀብዱን ጠረጴዛው ላይ አደረገች። «ደሞ አትልፊ፣ መንታ ናቸው፣ አንዱን ለክተሽ ለሁለቱም ቁረጪ።»

እትዬ ሜትር ሁለቱንም ለካች። አንደኛው በሁለት ሳንቲሜትር ይረዝማል። እናትየው ሜትሩን ራሷ ይዛ ካላየሁ ብላ፣ አይታ መለሰችላት። መቶ ሃያ ስድስት፣ መቶ ሃያ ሰባት። ቤቱ ከመዘጋቱ በፊት ሌሎች ሦስት መጡ።

ሰኞ ጠዋት ማሽን ሻጩ የጠራው ዋጋ ሲካፈል ሁለት መቶ ሠላሳ ዘጠኝ ሜትር ሆነ። ቆርቆሮዋ ውስጥ የሁለት መቶ ሠላሳ ሰባት ሜትር ተኩል ዋጋ አለ። እትዬ ሜትር የዚያኑ ጠዋት የግራጫ ጨርቅ ደረሰኝና ያምናውን ጎን ለጎን ዘረጋችለት።

«ግራጫው ይህን ያህል ሄዷል፣» አለችው። «ያንተ ማሽን ከእሱ ሦስት ሜትር ቀድሞ ሄዷል። ሦስቱን ሜትር ምን እንደወሰደው አስረዳኝና ልክፈል።»

ሻጩ ደረሰኞቹን አየ፣ ወንድሟን አየ፤ ወንድሟ ሰማያዊ ክንዱን አጣምሮ ጣራውን ያያል። «እናቴ፣ እርስዎን ገበያ ላይ የለቀቀ ማን ነው?» አለና ሦስቱን ሜትር ቀነሰ።

ከሰዓት በኋላ ማሽኑ መስኮቱ ሥር ተተከለ። እትዬ ሜትር ግድግዳው ላይ ያለውን 236 በእርጥብ ጨርቅ አጠፋችና የታመመውን እግሯን በርጩማ ላይ ዘርግታ የትልቁን መንታ ልብስ ጀመረች። በእግር ማሽን አንድ ሰዓት ከአምስት ደቂቃ ይፈጅባት የነበረው በአርባ አንድ ደቂቃ አለቀ። በላይኛው መደርደሪያ ላይ ሠላሳ ሳንቲሜትር ጥቁር ሰማያዊ ጨርቅ፣ በቆርቆሮው ውስጥ የአንድ ሜትር ተኩል ዋጋ ቀርቷል።